አንድ ዘፈን፣ አራት ማሽን፦ በ«ባድ አፕል» ሪትም ጌም ስማር እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሪትም ጌም (ከዘፈን ምት ጋር እኩል እየመታችሁ የምትጫወቱት ጌም) ወዳጆች። «ከየትኛው ማሽን ልጀምር?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ። እኔ የመረጥኩት ማሽን ሳይሆን ዘፈን ነው። አንድ ዘፈን ይዤ ቶኪዮ ውስጥ ከማሽን ወደ ማሽን እዞራለሁ። ዘፈኑ ኖሚኮ የምትዘፍነው «ባድ አፕል» ነው።

ለምን እሱ ሆነ? አንደኛ፣ ይሄ ዘፈን ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። መነሻው በ1998 ለፒሲ-98 ኮምፒውተር የወጣው፣ ቶሆ የሚባለው የጃፓን የተኩስ ጌም ተከታታይ አራተኛው ጌም ነው። የቶሆ ፈጣሪ ዙን ለጌሙ ሦስተኛ ክፍል (ስቴጅ) ማጀቢያ ብሎ ነው የሠራው፤ ግጥምም ዘፋኝም አልነበረውም። በ2007 አልስትሮሜሪያ ሪከርድስ የሚባለው የአድናቂዎች ቡድን ያዘውና፣ ማሳዮሺ ሚኖሺማ ለጭፈራ ቤት በሚሆን ምት እንደ አዲስ ሠራው፣ ኖሚኮ ዘፈነችበት። በ2009 ደግሞ ኒኮኒኮ የሚባለው የጃፓን ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ያ ሁላችሁም የምታውቁት የጥቁርና ነጭ ጥላ ቪዲዮ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ዙን ሌሎች ሥራውን መነሻ አድርገው የራሳቸውን እንዲሠሩ በሩን ክፍት ስላደረገ፣ ዛሬ ዘፈኑን ኮናሚ፣ ሴጋና ባንዳይ ናምኮ ማሽኖች ላይ ታገኙታላችሁ። ገበያ ላይ የሚፎካከሩ ድርጅቶች አንድ የአድናቂ ሪሚክስ ሲጋሩ ማየት አሁንም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ለልምምድ ስለሚመች ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 138 ምት ነው። ከአንዱ ምት እስከሚቀጥለው 0.43 ሰከንድ ገደማ አለ፤ ምቱን ለአራት ስትከፍሉት 0.11 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለጀማሪ አይከብድም፣ ለቆየ ሰውም አያሰለችም። ከሥር ያለው ከበሮ ዱም ዱም እያለ ስለማይለቃችሁ ደግሞ፣ መሃል ላይ ብትጠፉም ተመልሳችሁ ትገባላችሁ።

የጀመርኩት ከበሮ በሚመታበት ማሽን፣ በታይኮ ኖ ታትሱጂን ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት (ኖት) ሲመጣ የከበሮውን መሃል፣ ሰማያዊ ሲመጣ ጠርዙን መምታት ነው፣ ትልቅ ከሆነ በሁለት እጅ። ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ የወሰደብኝ እጅ ማፈራረቁ ነው። ቀለሙ ምንም ይሁን ምን እጅ ተራውን መልቀቅ የለበትም። ቀይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ሲመጣ ቀኝ መሃል፣ ግራ መሃል፣ ቀኝ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቀይ የግራ እጅ ነው። መጀመሪያ ላይ አእምሮ «ቀይ ማለት ቀኝ» ብሎ ይይዘውና መፍታቱ ሥራ ይሆናል። ቤት ትራስ ላይ በዝግታ እየመታሁ፣ ዘፈኑንም በግማሽ ፍጥነት ከፍቼ ነው የለቀቀኝ። አሁን «ሙዙካሺ» (ከባድ) የሚባለውን ደረጃ ምንም ሳልስት እጨርሳለሁ። ከእሱ በላይ ያለውን ኦኒንም አልፌዋለሁ፣ ግን ገና ንጹሕ አይደለም።

ከዚያ ወደ ማይማይ ሄድኩ። በ2012 የወጣው የሴጋ ማሽን ነው፤ ክብ ስክሪን፣ ዙሪያውን ስምንት ቁልፎች። እዚህ ጋ ጆሮዬ ዘፈኑን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን ምንም አያውቅም። ታይኮ ላይ ኖቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄዱት፤ ማይማይ ላይ ከመሃል ተነስተው ወደ ዳር ይበተናሉ። አንድ ቦታ ላይ ካፈጠጣችሁ የሌላውን ታጣላችሁ። እኔን የጠቀመኝ ዓይንን መሃሉ ላይ አሳርፎ ዳር ዳሩን በጎን ማየት ነው።

ስላይዱን፣ ማለትም ጣት ስክሪኑ ላይ የሚንሸራተትበትን ኖት፣ ደግሞ በደንብ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። የስላይዱ መነሻ የሆነው ኮከብ ዳር ሲደርስ ትነኩታላችሁ። ከዚያ አትሮጡም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምት ጠብቃችሁ ነው መንሸራተት የሚጀመረው። «ባድ አፕል» ላይ ያ ጥበቃ 0.43 ሰከንድ መሆኑ ነው፤ ከበሮው ዱም ሲል ኮከቡን፣ ቀጥሎ ዱም ሲል ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። ይሄን በጆሮ ከያዛችሁት ኤክስፐርት ደረጃ ላይ ትልቅ ለውጥ ታያላችሁ። እኔ 97 በመቶን አልፌ ኤስ የሚባለውን የውጤት ማዕረግ ያገኘሁት ይሄ ከገባኝ በኋላ ነው። ቀጭን ጓንት አድርጉ፣ ካልሆነ ጣት ስክሪኑ ላይ ይይዛል።

ሳውንድ ቮልቴክስ የልቤ ማሽን ነው። በኮናሚ የተሠራ ሲሆን አራት ዋና ቁልፎች፣ ከሥራቸው ሁለት የኤፌክት ቁልፎች፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ማዞሪያ አለው። ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን መስመሮች (ሌዘር)፣ ሰማያዊውን በግራው ማዞሪያ፣ ቀዩን በቀኙ ትከተላላችሁ። መጠኑን ልክ ማምጣት አይጠበቅባችሁም፣ ዋናው አቅጣጫው ነው። ደስ የሚለው ግን ማዞሪያውን ስታዞሩ ድምፁ ራሱ መቀየሩ ነው፤ ሌዘሩን ከሳታችሁ ኤፌክቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ስክሪኑን ሳላይ በጆሮዬ ብቻ መሳቴን አውቃለሁ። ኖሚኮ እየዘፈነች እናንተ ድምፁን በእጃችሁ ስታሹት ሌላ ስሜት ነው! ከባዱ ነገር አንድ እጅ ማዞሪያ ላይ ሲያዝ ሌላው ብቻውን ቁልፎቹን ሁሉ መሸፈኑ ነው። የግራ እጄ ገና ነው። አድቫንስድ የሚባለውን ደረጃ በምቾት አልፋለሁ፣ ከእሱ በሚከብደው ኤግዞስት ላይ እየታገልኩ ነው።

አራተኛው ማሽን፣ ቹኒዝም ላይ ገና መጀመሬ ስለሆነ ብዙ አልልም። የሚጫን ቁልፍ የለም፣ የሚነካ ለስላሳ ሰሌዳ ነው፣ አንዳንዴም እጅን ወደ ላይ ማንሳት አለ። ጣት ምንም ስለማይሰማው ሁሉንም በጆሮ ነው የምትመሩት። ሙሉው ነጥብ 1,010,000 ነው፣ ሦስት ኤስ ለማግኘት 1,007,500 ይፈልጋል፤ እኔ ከዚያ ሩቅ ነኝ።

በዚህ መንገድ መማሩ የጠቀመኝ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ወዲያው ስለሚታየኝ ነው። ዘፈኑን ስለማውቀው፣ ከሳትኩ ወይ ዓይኔ ነው ወይ እጄ ነው። አዲስ ማሽን ላይ አዲስ ዘፈን ስትጨምሩበት ግን ሁሉም ይደባለቅና ምኑን እንደምታርሙ አታውቁም።

ወጪውን በተመለከተ፣ አንድ ዙር በአብዛኛው 100 የን ነው፣ በዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ይጫወታሉ። ካርድ ግዙ፣ አለዚያ ውጤታችሁ አይቀመጥም። ከ2018 ጀምሮ ትልልቆቹ ድርጅቶች የተስማሙበት የአሚውዝመንት አይሲ ምልክት ያለው ካርድ ከሆነ አንዱ ለሁሉም ይሠራል። ወረፋ ካለ ዙራችሁን ስትጨርሱ ተነሱ፣ ተመልሳችሁ ከኋላ ተሰለፉ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጌም ሴንተር ውስጥ መቆየት አይቻልም።

ቶኪዮ፣ ካጹሺካ አካባቢ ያላችሁ ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት አኪሃባራ ብቅ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ማይማይን ለሁለት እንጫወታለን። ሳውንድ ቮልቴክስ ላይ የግራ እጁን ያሠለጠነ ሰው ካለ ደግሞ፣ ቀኝ እጃችሁ ማዞሪያ ላይ ሆኖ አራቱን ቁልፍ በየትኞቹ የግራ እጅ ጣቶች እንደምትይዙ ንገሩኝ። እኔ አሁን በሁለት ጣት ነው የምሞክረው፣ በሦስት የሚሻል ይመስለኛል።