«እርስዎ» እና «እናንተ»

ሐሙስ ማታ፣ አዳማ

ዛሬ ፀጉሬን ለመስተካከል ወደ ደንበኛዬ ጎራ አልኩ። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ የቦምብ ጥቃት ያወራል። ተራ ይጠብቅ የነበረ ጎልማሳ፣ «እስልምናና ምዕራባውያን መቼም አይታረቁም፤ ደም ተቃብተዋል» አለ። ጆሮዬ ሥር ያንዛርር የነበረው ማሽን ቀጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሙስሊም ነው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ፈለግሁ፤ እሱ ግን አቀርቅሮ የማሽኑን ጥርስ በብሩሽ ይጠርጋል። ጥርሱ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። ከዚያ ምንም ሳይል ሥራውን ቀጠለ። እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

አሜሪካ በተጠለፉ አውሮፕላኖች የተመታችበት መስከረም 1 ቀን 1994 ትዝ አለኝ። ኒውዮርክ ገና ጠዋት ሳለ እኛ ዘንድ ወደ 10 ሰዓት እየተጠጋ ነበር፤ እንቁጣጣሽ። እናቴ በኮባ የጋገረችውን ዳቦ ለጎረቤታችን ለሐጂ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሲመሽ ሐጂ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ወደ ግቢያችን መጡ። ከአባቴ ጎን ተቀምጠው እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ያን ቀን ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሐጂን ባገኘ ቁጥር «እናንተስ እንዴት አያችሁት?» ይላቸው ጀመር። እናንተ! እስከዚያች ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበሩ።

ሁለት ጎራ አለ የሚሉኝ የትኛውን ሬሳ በየትኛው ወገን ሊቆጥሩልኝ ነው? ነሐሴ 1 ቀን 1990 አልቃይዳ ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉትን የአሜሪካ ኤምባሲዎች ሲያፈነዳ ከሞቱት 224 ሰዎች አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ። የቀሩት ከሞላ ጎደል ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ፣ በመንገድ የሚያልፍ። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ሞቃዲሾ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና ከ500 በላይ ሰው ሲፈጅ ሟቾቹ እንደ ሐጂ የሚሰግዱ ነበሩ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ አንድ ነጭ ዘረኛ ለጁምዓ የተሰበሰቡ 51 ሰዎችን ገደለ።

«ምዕራብ» የሚሉትም አንድ አካል አይደለም። ኢራቅ በሌለ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ተሰብቦ ስትወረር ያዘዙት ምዕራባውያን ናቸው። ያ ግፍ ለስንቱ ቂም ማገዶ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን በየካቲት 1995 «አትውረሩ» ብሎ የለንደንንና የሮምን አደባባይ ያጥለቀለቀው ሕዝብስ የማን ነበር?

በሚያዝያ 2007 አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ሲገድል ሐጂ እኛ ቤት ለቅሶ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከእናቴ አጠገብ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው። ያን ቀን ማንም «እናንተ» አላላቸውም።

ነገ ዓርብ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን የሚከፍተው ከጁምዓ በኋላ ነው። ሄጄ ዛሬ ያልተናገርኩትን እነግረዋለሁ፤ ያ ጎልማሳም ካለ እሱ ባለበት።