ጆሮዋ መርጧል

«ጆሮዋ መርጧል። አንተ ከጆሮዋ ልትበልጥ ነው?»

ይህን ያሉኝ በምሠራበት የድምፅ መሣሪያዎች መደብር የማሳያ ክፍሉ አንጋፋ ሻጭ ናቸው። በዕድሜም በልምድም ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። የተናገሩትም ደንበኛ ፊት ነው። ጊዜው ቢርቅም ንግግሩ ዛሬም ይከነክነኛል። ቁጣቸውን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት አባባሉ ለሰሚ ሁሉ ልክ መምሰሉን ነው። ስህተቱን ለማሳየት አንድ መለኪያ፣ አንድ መቀያየሪያ ሳጥንና የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት በቆሙበት ሰዓት ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ስንት ጊዜ ነው?

ደንበኛዋ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። የደብተሯን ገጽ መሐል ለመሐል በመስመር ከፍላ፣ በግራና በቀኝ ሁለት የቤት ሲኒማ ሪሲቨሮችን አሰልፋለች። ሪሲቨር ስል የሳተላይት ጣቢያ የሚፈልገውን ሳጥን አይደለም፤ የፊልሙን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለአምስትም ለሰባትም ስፒከር የሚያከፋፍለውን ማለቴ ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹን ብዛት፣ የቻናሎቹን (ለየስፒከሩ የሚሄዱትን የድምፅ መስመሮች) ቁጥር፣ ክብደታቸውን ሳይቀር ጽፋለች። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ግን ዋቱ ነው፤ በርካሹ 165፣ በውዱ 90።

«ርካሹ በእጥፍ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። ታዲያ ውዱን ለምን እገዛለሁ?» አለች።

የሁለቱንም መግለጫ ወረቀት አውጥቼ በቁጥሮቹ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኋት። 165 የተባለው በ6 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ አንድ ቻናል ብቻውን እየሠራ፣ በአንድ የድምፅ ድግግሞሽ፣ በ1 ኪሎኸርዝ ብቻ፣ የድምፁ መዛባት 10 በመቶ እስኪደርስ ተገፍቶ የተለካ ነው። አሥር በመቶ ማለት ድምፁን የሚያጎላው ክፍል፣ አምፕሊፋየሩ፣ አቅሙን ጨርሶ ድምፁን መቁረጥ የጀመረበት ደረጃ ነው፤ ማንም ጤነኛ ጆሮ እዚያ ድረስ ገፍቶ ፊልም አያይም። 90 የተባለው ግን በ8 ኦም፣ ሁለት ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ባለው ሙሉ ስፋት፣ በ0.08 በመቶ መዛባት የተለካ ነው። አንዱ በቁልቁለት የሮጠበትን፣ ሌላው በሜዳ የሮጠበትን ፍጥነት ጽፈው ጎን ለጎን እንደማቆም ነው። የዋት እሽቅድምድም አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለቤት መዝናኛ የሚሆን አምፕሊፋየር የሚሸጥ ሁሉ ኃይሉን በምን ሁኔታ እንደለካ እንዲገልጽ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር።

ቁጥሮቹ እንዳሉ ቢታመኑም እንኳ በ165 እና በ90 ዋት መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ከፍታ መለኪያው፣ በዴሲቤል፣ 2.6 ገደማ ብቻ ነው። ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ደግሞ አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይፈለጋል። ይህን ስነግራት እስክሪብቶዋን አንሥታ የዋቱን መስመር ሰረዘችው። እስከዚህ ድረስ ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምተናል። አጠገባችን ቆመው አንገታቸውን በአዎንታ እየነቀነቁ ነበር ያዳመጡኝ፤ ውዱ ባለ 90ው ነበርና።

ከዚያ ወደ ማሳያ ክፍሉ ገባን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንድ ማጫወቻ የሚወጣው ምልክት ተከፍሎ ለሁለቱም ሪሲቨሮች ይደርሳል፤ የሁለቱም ውጤት በመቀያየሪያው ሳጥን በኩል ተራ በተራ ለአንድ ጥንድ የፊት ስፒከር ይሰጣል። ሁለት አምፕሊፋየሮች በአንድ ስፒከር ላይ ከተገናኙ ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ሳጥኑ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን አይዝም። የክፍሉን ጠባይ እየለካ ድምፁን የሚያርመው ተግባር በሁለቱም ላይ ጠፍቷል። ጋሼ ደንበኛዋን ሶፋው መሐል አስቀመጡና ሪሞቶቹን አንሥተው ሁለቱንም 50 ላይ አደረጉ።

«ይኸው፣ እኩል አድርጌልዎታለሁ።»

አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ ታጅባ የምትዘፍንበትን ቅጂ ከፈቱ። ሦስት ጊዜ ቀያየሩ፤ ደንበኛዋ ሦስቴም ውዱን መረጠች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው። «ይኼኛው ሞላ ያለ ነው። ዘፋኟ ወደ ፊት ቀረበች። ያኛው ጭጋግ አለበት» አለች። ያለችው ሁሉ ለእኔም ተሰምቶኛል። እኔ ግን እነዚያን ስፒከሮች በየሳምንቱ የማስተካክል ሰው ነኝ፤ ዘፋኟ ለምን እንደቀረበች ገብቶኛል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በመለኪያ እናስተካክለው።»

«ምኑን?»

«የድምፁን ከፍታ። ውዱ ከፍ ብሎ ነው የሚጫወተው።»

በዚህ ጊዜ ነው ያን ነገር የተናገሩኝ። ክፍሉ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ስለሆነ ቃላቸው ወጥቶ እዚያው ሞተ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። «አዎ፣ እበልጣለሁ» ብል ድፍረት ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እሺ ማለቴ ነው። ከዝምታው ያወጣችኝ ራሷ ደንበኛዋ ናት።

«ከፍ ብሏል እንዴ?» አለች ዓይኗን ገልጣ። «እኔ እኮ የሰማሁት ከፍታ አይደለም፣ ጥራት ነው።»

ሪሲቨር ሊገዛ የሚያወዳድር ሰው ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቢይዛት ደስ ይለኛል። የአንድ ወይም የሁለት ዴሲቤል ብልጫ ጆሮ ላይ «ጮኸ» ሆኖ አይደርስም፤ «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቀረበ» ሆኖ ነው የሚደርሰው። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ ወፍራሙን ድምፅ ነው የሚያጣው። ጥቂት ከፍ ሲደረግ ደግሞ ወፍራሙ ከሌላው ፈጥኖ ይመለሳል፤ ሙዚቃው ሥጋ ለበሰ እንላለን። ደንበኛዋ የሰማችውን ነው የተናገረችው። የተጣመመው ሚዛኑ ነበር፤ በተጣመመ ሚዛን ፊት ያስቀመጥናት ደግሞ እኛ ነን።

መለኪያውን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። የራሴ ነው፤ ለክፍል ጫጫታ ስለምጠቀምበት ሁልጊዜ «ኤ» ላይ አድርጌ ነው የምሰቅለው። ወፍራሙን ድምፅ እንዳይቀንስ ወደ «ሲ» አዞርኩት፤ ቁጥሩ እንዳይዘልል ቀስ ብሎ የሚያነበውን «ዝግ» የሚለውን መረጥኩና በባለ ሦስት እግሩ ላይ ጆሮዋ በነበረበት ቁመት አቆምኩት። የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። እዚህ መሐል እንዳይጠፋብኝ እየጸለይኩ፣ ከማጫወቻው ላይ እንደ ፏፏቴ ያለማቋረጥ «ሽሽ» የሚለውን የሙከራ ድምፅ ለቀቅኩ። ርካሹ 72.1 ዴሲቤል። ሳጥኑን ቀየርኩ። ውዱ 74.4።

ሁለቱም 50 ላይ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ አምራች 50 የሌላውን 50 አያውቀውም። በዚያ ላይ የውዱን ሜኑ ስከፍት የሁሉም ቻናሎች ደረጃ በ2 ዴሲቤል ከፍ ተደርጎ አገኘሁት። ሪሲቨሩ በማይክሮፎኑ ለክቶ ያስገባው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ቻናል ከቻናል ይለያይ ነበር። የሁሉም ግን ድፍን 2 ነው። የክፍሉን ቁልፍ የምንይዘው ሁለት ሰዎች ነን። ስለ ሜኑው ደንበኛዋ ፊት ምንም አላነሣሁም፤ ድምፁን በሪሞቱ 2.5 ዝቅ አደረግኩና በሁለቱ መካከል 0.2 ብቻ ቀረ።

ከዚያ ሳጥኑን እንዳታይ አድርጌ አሥር ጊዜ አስመረጥኳት። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ እሷ ትናገራለች፤ እኔ በወረቀት እይዛለሁ። ሁለተኛው ላይ በእርግጠኝነት መለሰች፤ አምስተኛው ላይ አመነታች፤ ስምንተኛው ላይ «እንደገና» አለችኝ። ከአሥር ስድስቱን አገኘች። ሳንቲም ወርውራ ብትመልስም የምትደርሰው እዚያው አካባቢ ነው።

ሁሉም ሪሲቨር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ኃይል የሚበሉ ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ላይ፣ ሁሉም ቻናሎች አንድ ላይ ሲጠየቁ ደካማው ይለያል። የክፍል ማረሚያዎቹም አንዱ ከሌላው በግልጽ ይበላለጣሉ፤ በእኔ እምነት ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ልዩነት በብዛት ያለው እዚያ ነው። በዚያ ሶፋ ላይ፣ በዚያ ድምፅ፣ በእነዚያ ስፒከሮች ግን ልዩነቱ 2.3 ዴሲቤል ነበር፤ እሱንም በሪሞት አጠፋሁት።

ደንበኛዋ ደብተሯን ዘጋች።

«እኔ የመጣሁት እኮ ለአባቴ ነው» አለች። «ፊልሙ ውስጥ ሲፈነዳ ቤቱ ይናወጣል፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን አንድ ቃል አይሰማውም። አሁን ያለን ሁለት ስፒከር ብቻ ነው።»

ከገባች አንድ ሰዓት አልፏታል። እኔ ስለ ዋት አስተምሬአታለሁ፤ ጋሼ ዘፈን አሰምተዋታል፤ ለምን እንደመጣች የጠየቃት ግን አልነበረም። እሳቸውን በቀየምኩበት ልክ ራሴንም የቀየምኩት በዚህ ነው። የአብዛኛው ፊልም ንግግር የሚመጣው በመሐለኛው ቻናል ነው። የመሐል ስፒከር በሌለበት ንግግሩ ለግራና ለቀኝ ይከፋፈልና ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር ይጋፋል። የመሐል ስፒከር አገናኝቼ፣ ደረጃውን በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርጌ፣ ጩኸቱን ከሹክሹክታው የሚያቀራርበውን የሌሊት ተግባር አብርቼ አንድ የንግግር ትዕይንት አሳየኋት። ያን ሁሉ ርካሹም ይችለዋል። ቴሌቪዥናቸው ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልስበት መንገድ አሮጌው አርክ እንጂ አዲሱና ሰፊው ኢ-አርክ ስላልሆነ ማጫወቻውን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ እንድትሰካ ነገርኳት። ርካሹን ሪሲቨርና፣ በተረፋት ገንዘብ ጥሩ የመሐል ስፒከር ይዛ ወጣች።

እንደወጣች ጋሼ ገመዶቹን እየጠቀለሉ፣ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ሃያ ዓመት ሸጫለሁ። አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶ ‹ያኛው ይሻለኝ ነበር› አላለኝም።»

እውነታቸውን ነው። የሚያናድደኝም ይህ እውነት ነው። ገዢ ቤቱ ሲገባ ያለው አንድ ሪሲቨር ነው፤ ከምን ጋር አወዳድሮ ነው የሚመለሰው? ተመልሶ የመጣ የለም ማለት የተበደለ የለም ማለት አይደለም። ይህን አልኳቸው፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

ገመዱን አስቀመጡት። «ሰው ከዚህ ይዞ የሚሄደው ደስታውን ነው። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ፊቷን አይተኸዋል? ስትወጣስ?»

አይቼዋለሁ። ስትወጣ ያመጣት ነገር የተፈታላት ሰው ፊት ነበራት፤ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ የነበረው ያ ብርሃን ግን አልነበረም። ለዚህ ያኔም መልስ አልነበረኝም። እኒሁ ሰው ናቸው የሽቦ ጫፍ አንድ ክር ሳይበጠስ መላጥን፣ የስፒከርን ቀይና ጥቁር ሳያጋጩ ማሰርን፣ አንዱ ተገልብጦ ሲታሰር ወፍራሙ ድምፅ እንዴት እንደሚከዳ በጆሮ መለየትን ያስተማሩኝ። ለዚህ ነው ያቺ ንግግር ከሌላ ሰው አፍ ብትወጣ ኖሮ ይህን ያህል የማትቆየው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደንበኛ ሳይገባ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ሪሲቨሮች ለክቼ አስተካክላለሁ። ዝቅ ያደረግኩትን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ሳጥኑ ላይ እለጥፋለሁ። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተልጦ አግኝቼ መልሼ ለጥፌዋለሁ። በጉዳዩ ላይ ከጋሼ ጋር ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ባለፈው ወር ጋሼ ለራሳቸው ቤት ሪሲቨር ገዙ። ሁለት ሞዴሎች ላይ ለሳምንታት ሲያመነቱ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ከወጣን በኋላ ብቻቸውን ቆዩ። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዬ መለኪያውን ከሚስማሩ ላይ ሳወርደው «ሲ» ላይ፣ «ዝግ» ላይ ነበር። ባትሪውም አዲስ ነበር።