ሦስተኛው ኩላሊቴ

ኩላሊቴ የከዳኝ በ61 ዓመቴ ነው። ደም ግፊቴን ለዓመታት ንቄ የመጣ ጣጣ። ጅማ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት እጥበት ላይ እተኛ ነበር። ለእጥበቱ ሁለት የደም ሥሮች ተገናኝተው ክንዴ ላይ የተሠራልኝ ፊስቱላ ሲዳሰስ እንደ ንብ ቀፎ ይርገበገባል። ውሃ በልክ ነው፤ የቡና ሲኒም ከልኩ ይቆጠራል። በቡና አገር አቦልን ቀምሶ ቶናና በረካን በዓይን መሸኘት!

ልጄ «አባዬ፣ የኔን ውሰድ» ሲለኝ እምቢ አልኩ። ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ለሽማግሌ? ሁለት ወር ተኮራረፍን። ኩላሊት እንደሆነ አይገዛም፤ የሚሰጠው ዘመድ ነበር። በመጨረሻ የ55 ዓመቷ እህቴ ገላገለችን። «ጋሼ፣ ለአሮጌ ገላ አሮጌ ኩላሊት ይበቃል» አለችኝ።

ሐኪሙ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፣ ልብህ ቀዶ ሕክምናውን ይችለዋል ወይ ነው ጥያቄው አለኝ። ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በላይ አድክሞኛል፤ ጥርሴ ሳይቀር ታይቷል። አዲሱን ኩላሊት ከሆዴ በታች በስተቀኝ አስቀመጡት። የድሮዎቹ እዚያው ናቸው። ጎረቤቶቼ እንደ ጅማ በርጩማ ባለ ሦስት ሆንክ ይሉኛል።

አሁን ደግሞ ውሃ ጠጣ እባላለሁ። ለካ ጥምን መቻል የለመደ ሰው መጠጣት ይረሳል! ሁለት ሊትር ተኩል በጠርሙስ ለክቼ ጠረጴዛ ላይ ካልደረደርኩ አይሳካልኝም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ አዲሱ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ይዋጣል። መጠኑ ደም ውስጥ የሚለካው የጠዋቱ ከመዋጡ በፊት ነው። እኔ ለዚሁ ምርመራ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ አደርኩና ጠዋት በልማድ ዋጥኩት። ነርሷ «ጋሼ፣ መድኃኒት ወስደዋል?» ስትል ክው አልኩ። ልኬቱ ከፍ ብሎ ያሳስታል፤ ሌላ አዳር ከፈልኩ። አሁን በቀጠሮ ቀን ኪኒኑን ከብስኩት ጋር ቦርሳ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ፤ ደም ከሰጠሁ በኋላ እውጣለሁ።

ጥሬ ሥጋ ቀርቷል። ለቅሶ ቤት ማስክ አድርጌ ደጅ እቀመጣለሁ። «ኮራብን» ያሉኝ አሉ። በእኔ ዕድሜ ኢንፌክሽን እንደሚያስፈራ ለሁሉም ማስረዳት አይቻልም፤ ተውኩት።

እህቴ ግን ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትደውላለች። ሰላምታ የለም።

«ኩላሊቴ መድኃኒቱን ዋጠ?»