ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ይተወኛል

ቦሌ አካባቢ ያለ ምግብና መጠጥ ቤት ነው። የተከፈተው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ በኋላ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ሲጋራ ተለኩሶ አያውቅም። ባለቤቱ ግን የሚያጨሰውን ደንበኛ ላለማጣት ከባንኮኒው ጎን አንዲት ክፍል በመስታወት በር ለይተው የማጨሻ ክፍል አደረጓት። አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ኤግዞስት ፋን ተገጠመ፣ ስፕሊት የሚባለው የግድግዳ አየር ማቀዝቀዣ ተሰቀለ። ሥራውን የያዘው ሰው «ከእንግዲህ ጭስ የሚባል ወደ አዳራሹ አይገባም» ብሎ አስረክቦ ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደንበኛው ሽታ አለ ማለት ጀመረ። እኛ የአየር ዝውውር ባለሙያዎቹ የተጠራነው ፋኑ ደክሟል፣ በትልቅ ይቀየር ተብሎ ነው።

ፋኑ አልደከመም ነበር። ክፍሏ 4 ሜትር በ5 ሜትር ናት፤ ከፍታዋ 3 ስለሆነ 60 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ፋኑ ላይ በሰዓት 1500 ሜትር ኩብ ተብሎ ተጽፏል። አየሩ ወደ ፋኑ የሚሳብበት ባለ ፍርግርግ ቀዳዳ፣ ግሪሉ፣ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የንፋስ መለኪያ ሲያዝበት በሰከንድ 0.9 ሜትር ገደማ አነበበ። 0.16 ካሬ ሜትርን በ0.9፣ ከዚያ በ3600 ሰከንድ ማባዛት ነው፤ በሰዓት 520 ሜትር ኩብ አካባቢ ይመጣል። ከተከፈለበት ሲሶው ብቻ ማለት ነው።

የቀረው የት እንደጠፋ ኮርኒሱ ሲከፈት ታየ። ፍሌክሲብል ዳክት የሚባለው ተጣጣፊ የአየር ቱቦ 9 ሜትር ያህል ሳይወጠር ተጋድሟል፤ ሦስት ቦታ ተጠምዝዟል፤ አንዱ ጥምዝ ላይ የኤሌክትሪክ ቱቦ ተጭኖት ጠፍጠፍ ብሏል። መውጫው ላይ የተወጠረው የወባ ትንኝ ወንፊት በሲጋራ ቅጥራን ተደፍኖ ጣት ይዞ ያስቀራል። ሌላም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የፋን ካታሎግ የሚጻፈው አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም በሚመዝንበት በባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ወደ 0.9 ኪሎ ይወርዳል። ፋኑ ያንኑ ዙር ይዞራል፣ የሚፈጥረው ግፊት ግን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ረጅምና ጠማማ ዳክት ላይ ይህ ቅናሽ ይከፋል። ካታሎግ አይቶ ብቻ ፋን የሚመርጥ ሰው እዚህ ከተማ ሁልጊዜ ያንሰዋል።

ይህ ሁሉ ተመዝግቦ ወረቀቱ ሊዘጋ ሲል ነው ከባንኮኒው ጥግ የምትቆመው አስተናጋጅ መሰላሉ ሥር የመጣችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ማታ እዚህ ጥግ ስቆም ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ይተወኛል።»

«ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ነው ወይስ ሰው ሲቀንስ?»

«ሰውማ አይቀንስም። ወጥ ቤት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ የሚያጨሱት እንዲያውም የሚበዙት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለአለቆችሽ ነግረሻል?»

«ነግሬያለሁ። አለርጂ ነው፣ ሄደሽ ተመርመሪ አሉኝ።»

ዘመናዊ መለኪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ያላየውን እዚያው ጥግ ቆማ የምትውለው ልጅ አይታዋለች። ጭስ የሚበዛበት ሰዓት ላይ ዓይኗ ያርፋል፣ ጭስ በሚቀንስበት ሰዓት ያቃጥላታል። ይህ የአለርጂ ምልክት አይደለም፤ የአየር ግፊት ምልክት ነው።

ቡና የሚፈላበት ዘንድ የዕጣን ማጨሻ ነበር። ፍም ተደረገበት፣ ትንሽ ዕጣን ተነሰነሰ፣ ከመስታወቱ በር ሥር ባለው የሁለት ጣት ክፍተት አጠገብ ከክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ወጥ ቤቱ ጠፍቶ ሳለ ጭሱ ወደ ክፍሉ መሐል እየተጎተተ ወደ ግሪሉ ወጣ፤ ትክክል ነው። ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ሲበራ ግን ጭሱ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመና ተመለሰ። በበሩ ሥር ተንሸራቶ ባንኮኒውን ታክኮ፣ እሷ የምትቆምበትን ጥግ አልፎ፣ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የምድጃው መሳቢያ በሰዓት 3000 ሜትር ኩብ ያህል አየር ያወጣል። የሚተካ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አልተሠራለትም። መስኮቶቹ ሙዚቃው ጎረቤት እንዳይረብሽ ማታ ማታ ይዘጋሉ። የወጣ አየር ደግሞ በግድ ከአንድ ቦታ ይተካል፤ ስለዚህ መሳቢያው ከማጨሻዋ ክፍል ጭምር ይስባል። 520 ከ3000 ጋር ጉተታ ገብቶ አያሸንፍም። ክፍሏ ውስጥ የተሰቀለው ስፕሊት ደግሞ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም፤ ስፕሊት ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ ይመልሳል እንጂ ከውጭ አንዲት ሊትር አያስገባም።

ጥገናው ሦስት ቀን ወሰደ። ፍሌክሲብሉ ወጥቶ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ዳክት ገባ፣ ጥምዙ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፣ ወንፊቱ ተነሣ፣ ፋኑ በከፍታው ልክ ተቀየረ። ለወጥ ቤቱም ከሚያወጣው 80 ከመቶውን፣ ማለትም በሰዓት 2400 ሜትር ኩብ የሚያስገባ ፋን ከነማጣሪያው ተሠራ። በመጨረሻ ከማጨሻዋ ክፍል በሰዓት 1300 ወጣ፤ ለ12 ሰው በነፍስ ወከፍ በሰከንድ 30 ሊትር ማለት ነው። ዕጣኑ እንደገና ተለኮሰ። መሳቢያው በርቶም ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ።

ባለቤቱ ደስ አላቸው። «እንግዲህ ተስተካከለ አይደል?»

አልተስተካከለም። በሩ ሲከፈት የሚሆነውን ቆመው እንዲያዩ ተደረገ። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር በተከፈተ ቁጥር እንደ ወናፍ አየር ጎትቶ ይወጣል፤ ትሪ የያዘ ሰው ደግሞ በጀርባው ገፍቶ ሲያልፍ የራሱን ያህል ጭስ ይዞ ይወጣል። ሞቅ ባለ ማታ ያ በር በየሁለት ሦስት ደቂቃው ይከፈታል። ትሪ የያዘችው ልጅስ? እሷ ክፍሉ ውስጥ ትገባለች፤ እዚያ ውስጥ የትኛውም ፋን አያድናትም።

ሒሳቡ ወረቀት ላይ ተሠራላቸው። የአንድ ሲጋራ ጭስ ወደ 10 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ደቃቅ ብናኝ ይለቃል። 12 ሰው በሰዓት ሁለት ሁለት ቢያጨስ 240 ሚሊ ግራም ነው። በሰዓት 1300 ሜትር ኩብ ብናወጣም በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ180 ማይክሮ ግራም በላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ የሚመክረው ከ15 እንዳይበልጥ ነው። እዚያ ለመድረስ በሰዓት 16000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤታቸውን መሳቢያ አምስት ጊዜ። ያን ሁሉ ቀዝቃዛ የሌሊት አየር ደግሞ ደንበኛ ላይ መልቀቅ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ድሮ አምነዋል፤ የአየር ዝውውር መመዘኛ የሚያወጣው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር በ2005 እ.ኤ.አ. የሲጋራ ጭስን ጉዳት ቤት ውስጥ ማጥፋት የሚቻለው ማጨስን በመከልከል ብቻ ነው ብሎ አቋሙን አሳውቋል።

«በአየር ማጽጃ ማሽንስ?» አሉ። ጥሩ ማጣሪያ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ያሳልፋል። የከሰል ማጣሪያ ሽታውን ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይነካም፤ ሲጠግብም ማንም አይቀይረውም። ሽታ መጥፋቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰው ንጹሕ አየር ላይ ያለ ይመስለዋል።

«እሺ፣ ይህ ዕጣኑስ? ከሰሉስ? እሱ ጭስ አይደለም?»

ጭስ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ የቡናውም ቦታ ክፍት መስኮት አጠገብ መሆን አለበት፣ ይህም ተነገራቸው። የአንዱ ጉዳት ግን ሌላውን አይፈቅድም።

አዋጁም የማጨሻ ክፍል የሚባል አያውቅም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥና በሥራ ቦታ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያም በ10 ሜትር ውስጥ አይፈቀድም። የእሳቸው ኤግዞስት ደግሞ ጭሱን የሚተፋው ፎቅ ላይ ካለው ቢሮ መስኮት ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። በረንዳውን በላስቲክ ጋርደው እዚያ ሊያደርጉት አሰቡ፤ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት የአንቀጽ 8 መመሪያ ግን ጣሪያ ያለውን ወይም በአንድ ጎኑ እንኳ የተጋረደውን፣ መጋረጃው ከምንም ይሠራ፣ የቤት ውስጥ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

«ይህን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው የምትነግሩኝ?» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሒሳቡ ከዳክቱ በፊት መሠራት ነበረበት። ለመጀመሪያው ሠራተኛም፣ ለእኛም ይህ ወቀሳ ይገባል። ፋን ከመሸጥ በፊት አይሆንም ማለት የሙያው አንድ ክፍል ነው።

ክፍሏ ተመልሳ የለስላሳ ሣጥን ማስቀመጫ ሆነች። ቀለም ቀቢው ሳያጥብ ሁለት ጊዜ ፕላስቲክ ቀለም ደረበበት፤ በሳምንቱ ቢጫው ከሥር ፈሶ ወጣ። ኒኮቲን በውሃ ይሟሟል፣ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ በውሃ የሚቀጥን ስለሆነ ይስበዋል። መጀመሪያ በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ ከታች ወደ ላይ እየወጡ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ከሥር የሚቀባውን የዘይት ቀለም፣ ፕራይመሩን፣ ቀብቶ ፕላስቲኩን መደረብ ነው። እንዲሁ ተደረገ። ከክፍሏ ሲጨርስ ባለቤቱ ያችን የባንኮኒ ጥግም እጠባት አሉት፤ በአዳራሹ በኩል ያለችውን፣ ማንም አጭሶባት የማያውቀውን። ከዚያች ግድግዳ የተጨመቀው ውሃም ቢጫ ነበር።