በጾም የገባሁበት የዓሣ አገር

ሕንድ ውስጥ ከባንጋሎር ወደ ኮቺ በሚወስደው የሌሊት ባቡር እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። የደረሰኝ የላይኛው አልጋ ነው፤ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ማቀዝቀዣው ቀጥታ ፊቴ ላይ ይነፋል፣ ከታቼ ያሉት ሰውዬ ደግሞ ያንኮራፋሉ ከማለት ይፈነዳሉ ማለት ይቀላል። ሊነጋጋ ሲል ትንሽ አሸለበኝ። ወዲያው "ቻይ! ቻይ!" የሚል ሻይ ሻጭ መጣና እሷንም ወሰዳት።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። አጎቴ ለልብ ሕክምና ባንጋሎር ነበር፣ እኔ አስታማሚ። እህቱ ከዱባይ መጥታ ስትተካኝ "በል እስከዚያው ሂድና መምህሬን ጠይቅልኝ" አለኝ። መምህሩ በንጉሡ ጊዜ ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ ናቸው። ያኔ ከኬረላ፣ ኮቺ ካለችበት የደቡብ ሕንድ ክልል፣ የመጡ ብዙ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ፤ ከእናንተም አባትና አጎት መካከል ፊዚክስን ከእነሱ የተማረ አይጠፋም። አጎቴና እሳቸው መጀመሪያ በደብዳቤ፣ በኋላ በስልክ ሲጠያየቁ ኖረዋል። ቡናና በርበሬ ተሸክሜ ወረድኩ።

ስለ ኮቺ ከተማ ብዙ አልልም። ፎርት ኮቺ ዳር የቻይና መረብ የሚሏቸው ትልልቅ መረቦች አሉ፤ በእንጨትና በድንጋይ ሚዛን ወደ ውኃ ወርደው የሚነሱ። ዓሣ አስጋሪዎቹ "ና ገመዱን ሳብ" ብለው ጠሩኝ። ሳብኩ። ፎቶ አነሱኝ፣ ተሳሳቅን። ከዚያ 500 ሩፒ! በዚያ መረብ የወጣው ዓሣ በሙሉ ቢሸጥ 500 ያወጣ አይመስለኝም። 100 ሰጥቼ፣ ተጨቃጭቄ ወጣሁ፣ ቀኑን ሙሉ ግን ሲያበሽቀኝ ዋለ። መርካቶ ሲሸውዱኝ ስቄ አልፋለሁ፣ ሰው አገር ሲሆን ለምን እንደምንገበገብ አላውቅም። ከማዶ ካለው ኤርናኩላም የሚያሻግረው የሕዝብ ጀልባ 6 ሩፒ ብቻ አስከፍሎኝ ስለነበር ይሆናል።

በማግስቱ ወደ መምህሩ መንደር በአላፑዛ ከተማ በኩል ልሄድ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሜ የቀረሁ መስሎኝ ነበር። የአብዛኛው አውቶቡስ ታፔላ በአገሩ ቋንቋ፣ በማላያላም ፊደል ብቻ ነው። አንዲት የነርስነት ተማሪ አይታኝ መጣች፣ የራሷ አውቶቡስ እየሄደባት ከእኔ ጋር ቆመች፣ የአላፑዛው ሲመጣ ለረዳቱ የት እንደሚያወርደኝ ነገረችውና ሄደች። ሳንቲም አልጠየቀችም፣ ስሟን እንኳን አልነገረችኝም። የትናንቱ ንዴቴ እዚያው በረደ።

ከአላፑዛ ወደ ኮታያም በኩል የሚሄድ የመንግሥት ጀልባ አለ፣ 30 ሩፒ ገደማ። ቱሪስቱ የቤት ጀልባ ተከራይቶ ብዙ ሺህ የሚከፍልበትን ያንኑ ውኃ ታያላችሁ፣ ከተማሪዎችና ዘንቢል ከያዙ እናቶች ጋር ተጨናንቃችሁ። አካባቢው ኩታናድ ይባላል። የሩዝ ማሳው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከሁለት ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ገበሬው ዙሪያውን በግድብ አጥሮ፣ ውኃውን ወደ ውጭ ገፍቶ ነው የሚዘራው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኔ በጀልባው መስኮት ማሳውን ቁልቁል ሳይ "ይሄ ግድብ ቢሸነቆርስ?" እያልኩ ስሰጋ ነው የደረስኩት።

መምህሩ ጃንጥላ ይዘው ወደብ ላይ ይጠብቁኛል። እንዳዩኝ በአማርኛ "ቁጭ በል! ዝም በል!" አሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ የቀራቸው አማርኛ በሙሉ የክፍል ውስጥ አማርኛ ነው። ባለቤታቸውን ሁሉም አማቺ (እማማ እንደ ማለት) ይላቸዋል፣ እኔም አማቺ አልኳቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ መምህሩ ይተረጉሙልናል፣ እሳቸው ሲደክማቸው በእጅ እንግባባለን። ልጆቻቸው ሁለቱም ኩዌት ናቸው። በዚያ መንደር ልጁ ባሕረ ሰላጤው አገር ያልሆነ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ችግሩ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል። የገባሁት ደግሞ ሰው በየቀኑ ዓሣ የሚበላበት አገር ነው። ቤተሰቡም ኦርቶዶክስ ነው፤ የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር እኅት ናት፣ በ1957 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ላይ የእኅት አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች ሲሰበስቡ የእነሱም መሪ፣ ካቶሊኮስ የሚሏቸው፣ መጥተው ነበር። ግን የእነሱ የገና ጾም 25 ቀን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ እኔ ጾመኛ፣ እነሱ ገና ፍስክ። በዓሣ ላይ ያለውን ክርክራችንን ታውቁታላችሁ። እኔ ከሁዳዴ በስተቀር ከሚበሉት ወገን ነኝ። እናቴ ይህንን ባታነበው ደስ ይለኛል።

ዓሣው በሞተር ብስክሌት ነው የሚመጣው። ጠዋት ጥሩምባው ሲሰማ መጀመሪያ የሚሮጡት ድመቶች ናቸው፣ ቀጥሎ አማቺ። የሚገዙት ብዙ ጊዜ ሰርዲን ነው፣ ማቲ ይሉታል። ሰርዲን ለእኔ ከቆርቆሮ የሚወጣ ነገር ነበር። ርካሹ ዓሣ እሱ ነው፣ የሚወደደውም እሱ። አማቺ ጉንጩን ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ሆዱን በአውራ ጣት ጫን ይላሉ፣ ከዚያ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። መምህሩ እንደነገሩኝ ክረምት ላይ፣ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ፣ መንግሥት ትልልቅ የሞተር ጀልባዎች እንዳያሰግሩ ለ52 ቀን ይከለክላል። ያኔ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ቤቱም በደረቅ ዓሣና በጥራጥሬ ይከርማል።

ወጡን እንዲህ ነው የሚሠሩት። የሸክላ ድስት ላይ የኮኮናት ዘይት ይግላል። ጥቃቅን ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የካሪ ቅጠል። ከዚያ የቃሪያ ዱቄት፣ እርድ፣ ትንሽ አብሽ፣ ውኃ። ኩዳምፑሊ የሚሉት በጭስ የደረቀ ጥቁር ኮምጣጣ ፍሬ አለ፤ ወጡን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። ዓሣው ከገባ በኋላ ማማሰያ አይነካውም። እንዳይፈርስ ድስቱ ራሱ በሁለት እጅ ተይዞ ይወዛወዛል። ማታ የተሠራው ጠዋት ይበልጥ ይጣፍጣል፤ እውነት ነው፣ ሁለቱንም ቀምሻለሁ።

ሲቀርብ ግን ለአንድ ሰው ሁለት ትንንሽ ሰርዲን ነው! መጀመሪያ ቀን ሌላ የሚጨመር መስሎኝ ጠበቅሁ። አልተጨመረም። ዓሣው ሩዙን የሚያስበላ ነው እንጂ ሆድ የሚሞላ አይደለም። ሆድ የሚሞላው ዙሪያው ያለው ነው፤ ተከትፎ ከኮኮናት ጋር ለአፍታ ብቻ የሚነኳኮር አትክልት (ቶራን ይሉታል፣ አንድ ቀን በጎመን፣ አንድ ቀን በፎሶሊያ)፣ ብዙ ዓይነት አትክልት ያለበት አቪያል፣ በማሾ የሚሠራ ወጥ፣ ቀጭን አሬራ። አሬራውን ለጾም ተውኩት፤ አማቺ በጣም አዘኑ፣ ሁለት ቀን አልተጽናኑም።

ሩዙ "ማታ" የሚባል ዓይነት ነው። ቀላ ያለና ወፍራም ነው። ከነገለባው ቀቅለው፣ አድርቀው ስለሚፈትጉት ቀዩ ሽፋን በከፊል ይቀርለታል። ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ሰዓት ይፈጃል፣ ሲበስል ውኃው ይጠለላል። ያንን ውኃ አይደፉትም፣ ጨው ጣል አድርገው ይጠጡታል። የሚበላው በእጅ ነው፣ "በእጅ መብላትማ ማን እንደኔ" ብዬ ቀረብኩ። እንጀራ በሌለበት እጅ ምን ዋጋ አለው! ሩዙ በጣቶቼ መካከል እየፈሰሰ ጭኔ ላይ አለቀ። መምህሩ ከት ብለው ሳቁ። በጣቶች ጫፍ ሰብስቦ በአውራ ጣት መግፋት ነው ዘዴው፤ እስክሄድ ድረስ በደንብ አልገባኝም።

አንድ ቀን አማቺ ከጓሮ ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡና ቅጠሉን መልቀም ያዙ። ሽፈራው! ዝርያው ከእኛው ትንሽ ይለያል፣ ግን ያው ሽፈራው ነው። አዲስ አበባ ዱቄቱን በላስቲክ አሽገው ስኳር ያድናል፣ ደም ግፊት ያወርዳል እያሉ ይሸጡልናል። ኮንሶ ውስጥ እኮ በየቀኑ የሚበላ ጎመን ነው፣ እዚህም እንደዚያው። ማብሰሉ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለቀማው ግን አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ትንንሾቹን እንጨቶች አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል። እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወገቤን አመመኝ ብዬ ተነሳሁ።

ስለ ሕንድ ምግብና ጤና ሲወራ ሁሌም ስለ እርድ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አማቺ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ። ጫፏ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለባት አጭር መቀመጫ አለቻቸው፣ እሷ ላይ ተቀምጠው ኮኮናት ይፍቃሉ። በየቀኑ። ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ አትክልት፣ ከዚያ ዓሣ። ያ ማዕድ ጤናማ ከሆነ የሆነው አንዲት ሴት ሰባ ዓመት አልፏት ጓዳ ስለምትቆም ነው። ኩዌት ያሉት ልጆች የኤሌክትሪክ መፍጫ ልከውላቸዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ እሳቸው "ጣዕሙን ያበላሸዋል" ይላሉ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር የምሰካው።

ደግሞ በምግቡ ምንም በሽታ አይነካቸውም ብላችሁ እንዳታስቡ። ኬረላ በሕንድ የስኳር በሽታ በጣም ከሚበዛባቸው ክልሎች አንዷ ናት። መምህሩም አለባቸው። ምሳ ቤት ብትገቡ የሚቆለልላችሁ ሩዝ ተራራ ነው፣ ጨርሳችሁ ቀና ሳትሉ ይደግሟችኋል። የኮኮናት ዘይቱም ቢሆን አብዛኛው የረጋ ስብ ነው። ደረቁ ዓሣ፣ ቃሪያና ማንጎ የሚዘፈዘፍበት አቻር፣ ሁሉም ጨው ነው። አማቺ ይህንን ስለሚያውቁ የመምህሩን ሩዝ በአንድ አሮጌ ኩባያ ይለካሉ፤ ማታ ደግሞ ካንጂ ብቻ፣ ማለትም ቀጭን የሩዝ አጥሚት፣ ከማሾና ከኮኮናት ድልህ ጋር። አንድ ማታ በድሮው ወግ እንድጠጣ የጃክፍሩት ቅጠል አጥፈው በስንጥር ሰፍተው ማንኪያ ሠሩልኝ። ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።

መምህሩ ግን ከሰዓት በኋላ "የእግር ጉዞ" አላቸው። ተከተልኳቸው። ጉዞው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ይደርሳል፣ እዚያ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ሙዝ አለ፣ እሳቸው አንዱን፣ እኔ ሁለት። ሲጨርሱ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ጥርት ባለ አማርኛ "አትናገር!" አሉኝ። ይህችን ቃል ከየትኛው ክፍል እንዳመጧት እንጃ። አማቺ እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነኝ፤ በዚያ ቀን የማታው ካንጂ ይበልጥ ቀጥኖ ነበር።

ውኃቸው ሞቅ ያለና ሮዝ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቀለም የፈሰሰበት መስሎኝ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። ፓቲሙጋም የሚባል የእንጨት ፍቅፋቂ እየጣሉበት ነው የሚያፈሉት። ለኩላሊት ጥሩ ነው ይላሉ፤ ስለ ኩላሊቱ አልመሰክርም፣ ውኃው መፍላቱ ግን ለእንግዳ ሆድ ትልቅ ነገር ነው። አንድም ቀን ሆዴን አልታመምኩም።

አፓም የሚሉትን የሩዝ ቂጣ ደግሞ ሰው ሁሉ "የእንጀራ ዘመድ" እያለ ሲያወራልኝ ነበር። ሊጡ ቦክቶ ያድራል፣ እዚህ ድረስ እውነት ነው። ሲቀመስ ግን ለስላሳ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ምንም የማይኮመጥጥ። ከሽምብራ ወጥ ጋር ይጥማል። ዘመድነቱ ግን በጋብቻ ካልሆነ በደም አይመስለኝም።

የእነሱ ጾም ሲገባ ዓሣው ከቤት ጠፋ። ጎረቤት እንደሚበላ ሰማሁ፣ አንዳንዱ ሥጋ ብቻ ነው የሚተወው፤ አማቺ ጋ ግን ድርድር የለም። እኔም አብሬ ተውኩ፣ ምን አማራጭ አለኝ። የዚያን ቀን አማቺ ያመጣሁላቸውን በርበሬ አውጥተው አሸተቱት፣ ካሳቫ ቀቅለው፣ በርበሬውን ከሽንኩርትና ከኮኮናት ዘይት ጋር አሽተው አጠገቡ አስቀመጡ። ሁላችንም በላብ ተጠመቅን። መምህሩ "ደሴ! ደሴ!" እያሉ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ፣ ካሳቫውም ስኳር እንደሚያወጣ ማንም አላነሳም።

የተመለስኩት በሌሊት አውቶቡስ ነው፣ ባቡሩን በቃኝ ብያለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ቆመን ሁሉም ሰው ወርዶ ፓሮታ አዘዘ። የፉርኖ ዱቄት ቂጣ ነው፣ በዘይት እየታሸ የሚነባበር፣ ከሩዙም ከሽፈራውም ጋር ምንም የማይገናኝ። በሽምብራ ወጥ ሦስት በላሁ፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በጣም ይጣፍጣል። ቃሩ ባንጋሎር ድረስ አብሮኝ ገባ።