የላስቲኩ ጤዛ

ዛሬ ጠዋት ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «ይኼ እኮ ደርቋል» አለ። ሲነካ እውነትም ደረቅ ነው። ትናንት ጠዋት ግን ልስኑ ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፣ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ታሽጎ ተለጥፎ ነበር። ሲገለጥ ውስጠኛው ፊቱ ጤዛ አዝሏል፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳም ጠቁሯል። ውስጡ ገና እርጥብ ነበርና ቀለም ቀቢው ሮለሩን አስቀመጠ።

የሲሚንቶ ልስን መጀመሪያ ለ7 ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል፤ ከዚያ ለመድረቅ 4 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ወፍራም ከሆነ ወይም አየሩ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። ቀድሞ ከተቀባ የታፈነው ውሃ መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ጨው ይዞ ወጥቶም ነጭ ዱቄት ይተዋል። የዘይት ቀለም ከሆነማ የባሰ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል ኬሚካል ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይላጣል።

እየኖሩበት በሚታደስ ቤት ደግሞ ማድረቁ ይከብዳል። አቧራ እንዳይገባ በር ላይ የሚሰቀለው ላስቲክ አየሩንም ይዘጋዋል። የድስት እንፋሎት፣ ክፍል ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ ሁሉም እርጥበቱን የሚሰጠው ለዚያው ግድግዳ ነው። ስለዚህ አቧራ የሚያስነሳ ሥራ በሌለበት ሰዓት የበሩ ላስቲክ ይገለጥ፤ ትይዩ የሆኑ መስኮቶች አብረው ይከፈቱ። በማሞቂያ ማጣደፍ ግን ልስኑን ይሰነጥቀዋል፤ ይህን አደራ እላለሁ።

ቀለም ቀቢው የዛሬን ቀን ግድግዳው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፈ። አዲሱ ላስቲክ ወለሉ አጠገብ ተለጠፈ፤ እርጥበት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚለቀው እዚያ ነው።