የካቲት 26፣ ድሬዳዋ

ዛሬ የካራማራ ድል ቀን ነው። የካቲት ለእኔ የወረራ ወር ሆኖ ቀርቷል። 23 ዓድዋ፣ 26 ካራማራ፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ የሩሲያ ታንኮች የዩክሬንን ድንበር ያቋረጡበት 17ኛው ቀን ተጨመረበት። ሰሞኑን ከዚራ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ስለዚያ ጦርነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ያሸንፋል? ድሬ ተወልጄ ስላደግሁ ይመስለኛል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ያለው ዘመን ምን ያህል ይረዝማል?

ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። በ1969 ክረምት ጎረምሳ ነበሩ። ትናንት ሙቀቱ በረድ ሲል በራቸው ላይ ተቀምጠን «ያን ጊዜ ኤርፖርቱን ቢይዙት ኖሮ እኮ ድሬ አልቆላት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ልክ ናቸው። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ሐምሌ ላይ በሙሉ ኃይሉ ኦጋዴን ገብቶ ነሐሴ ላይ እኛ ደጃፍ ደርሷል። ከተማዋ ያኔ የምትፈለገው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለጅቡቲ ሐዲድና ለአየር ኃይሉ ጣቢያ። ሐዲዱ ተቆርጧል፣ ድልድዮቹ ፈርሰዋል። ጣቢያው ግን አልተያዘም። ከዚያ የሚነሱት ኤፍ 5 ጄቶች ሰማዩን ያዙት። ከዚያ በኋላ በረሃ አቋርጦ ለመጣው ታንክ ነዳጅና ጥይት ማድረስ በየቀኑ እየከበደ ሄደ።

ይህን የምጽፈው ሆስቶሜል ትዝ ብሎኝ ነው። በ2014 ወረራው በተጀመረበት ዕለት ጠዋት የሩሲያ ሄሊኮፕተሮች ከኪየቭ አጠገብ ያለውን ይህን የአውሮፕላን ማረፊያ ለመያዝ ወታደር አወረዱ። ዕቅዳቸው ከኋላ የሚከተሉት ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች ጦሩን እዚያው እንዲያራግፉና ዋና ከተማዋ በቀናት ውስጥ እንድትያዝ ነበር። ዩክሬናውያን ማኮብኮቢያውን በመድፍ ደበደቡት። አውሮፕላኖቹ አላረፉም። ከሰሜን የመጣው ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተሽከርካሪ ሰልፍ መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ፣ መጋቢት ሳያልቅም ሩሲያ ከኪየቭ ዙሪያ መውጣት ጀመረች። ወራሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ፍጥነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካመለጡት ጦርነቱ የስንቅ፣ የፋብሪካና የደጋፊ ጦርነት ይሆናል። በሰው ልጅ ላይ የከፋው ነገር የሚመጣውም ያኔ ነው።

በእኛም እንዲሁ ነበር። መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፣ ሐረርም እስከ ጥር ድረስ አንገቷ ላይ ቢላ እንደተደረገባት ቆየች። ውጤቱ የተለወጠው ግን ሞስኮ ወገን ስትለውጥ ነው። ዚያድ ባሬ ኅዳር ላይ ሶቪየቶቹን አባረራቸው፤ መሣሪያው በአውሮፕላንና በመርከብ ወደ እኛ ይጎርፍ ጀመር። ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ። ጦሩ ጅጅጋ አጠገብ ያለውን የካራማራን ተራራ በር ፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ ዞሮ፣ በሄሊኮፕተርም ጭምር ከጠላት ጀርባ ወርዶ፣ የካቲት 26 ጅጅጋን መልሶ ያዘ። ከአራት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በእኛ ወገን የወደቀው ዘማች ለደርግ ሳይሆን ለአገሩ ነው የሞተው፤ ይህን ስል ጉሮሮዬ ይተናነቃል። ያኔ በሶቪየት ሠራዊት ውስጥ ሩሲያዊውና ዩክሬናዊው በአንድ ባንዲራ ሥር እንደነበሩ ሳስብ ደግሞ የዛሬው እልቂታቸው ይበልጥ ያመኛል።

የዩክሬኑ ጦርነት እንደዚያ በአንድ ዘመቻ ያልቃል ብዬ አልጠብቅም። ሶማሊያ ጥይቷን የሚሰጣት ሌላ ነበር፤ ሰጪው ሲሄድ ቆመች። ሩሲያ ግን የራሷን ታንክና ሚሳይል ታመርታለች፣ ኒውክሌር አላት፣ ሲጎድላት ከኢራን ድሮን፣ ከሰሜን ኮሪያ ወታደር አምጥታለች። ደጋፊ ሲደክም የምትጎዳው ዩክሬን ናት። ዩክሬን በ2015 መጀመሪያ በኻርኪቭ በኩል ብዙ መሬት፣ ኅዳር ላይ ደግሞ የኼርሶንን ከተማ መልሳ ስትይዝ እኔም እንደ ሌላው ሰው ካራማራቸው ደረሰ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በቀጣዩ ክረምት የተደረገው ማጥቃት ግን ፈንጂ የተቀበረበትን ሜዳ ማለፍ አቃተው። ዛሬ ግንባሩን የሚገዛው ድሮን ነው፤ ታንክ ተሰብስቦ ሲንቀሳቀስ ገና ከሩቅ ይታያል፣ ይመታል። ስለዚህ የሚመስለኝ መጨረሻ ይህ ነው፤ የአገሪቱ አንድ አምስተኛ ያህል በወራሪው እጅ እንዳለ ተኩሱ አንድ ቀን ይቆማል፣ ዩክሬን መሬቴ ነው ማለቷን አትተውም፣ ሩሲያም አትመልስም። ዩክሬን እንደ አገር መትረፏ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሊያጠፏት ነበር የመጡት።

ደግሞ ጦርነቱ እዚያ ብቻ አልቀረም። የዘይቱና የዱቄቱ ዋጋ ሰማይ የወጣበትን ጊዜ ድሬ ውስጥ የማያስታውስ እናት የለችም። በ2014 ነሐሴ መጨረሻ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ለኢትዮጵያ እርዳታ የሚሆን 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ ስትደርስ፣ ጥቁር ባሕር ላይ የሚተኮሰው ከእኛ ዳቦ ጋር የተያያዘ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ስለ ጎረቤቶቻችንም ልጻፍ። ድሬ ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ ሐረሪውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ አፋሩም በአንድ ግቢ የሚያድግባት ከተማ ናት። በጦርነቱ ዘመን «ሰርጎ ገብ» የሚባል ስም መጣ፤ ስንት ሶማሌ ጎረቤት የዚያድ ባሬን ዕዳ በዓይን እየተጠረጠረ ከፈለ። ጡረተኛው እንደነገሩኝ እናታቸው አንዲት ሶማሌ ባልንጀራቸውን ከነልጆቿ ለብዙ ሌሊት ጓዳ ውስጥ አሳድረዋል። በምሥራቅ ዩክሬን፣ ዶንባስ ውስጥ ሩሲያኛ የሚናገረው የዩክሬን ዜጋ ሠፈሩ ሲመለስ ምን ዓይን ይጠብቀው ይሆን እያልሁ አስባለሁ። መሬት ቢመለስ እንኳ ይህ ቶሎ የሚሽር ቁስል አይደለም።

የእኛ ጦርነት በስምንት ወር ገደማ አለቀ እንላለን። የመንግሥቱና የዚያድ ባሬ መንግሥታት ስምምነት የፈረሙት ግን በ1980 ነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ ምርኮኛው እዚያም እዚህም ታስሮ ነበር። የሶማሊያን ሚግ ጄቶች የጣለው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይቶ አገሩን ያየው ከስምምነቱ በኋላ በተደረገው ልውውጥ ነው። ሁለቱ መሪዎች ደግሞ በ1983 በአራት ወር ልዩነት ሥልጣናቸውንና ዋና ከተማቸውን ጥለው ሸሹ፤ አንደኛው ድል አድርጎ፣ ሌላው ተሸንፎ ነበር።

ከዩክሬን ዜና አሁን አስቀድሜ የምፈልገው የምርኮኛ ልውውጡን ነው። እነሱ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በየጊዜው፣ በመቶዎች ይለዋወጣሉ። ፀጉራቸው የተላጨ ልጆች ባንዲራ ተሸፍነው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አያለሁ። ለገሠና ጓደኞቹ በ1970 እንዲህ ቢለወጡ ኖሮ እላለሁ።